የጅምላ ምስጋና

ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው። ሰፈሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም የሚያውቋት ግን እትዬ ተመስገን ብለው ነው። አዲስ ጎረቤት ሲመጣ «ተመስገን የሚባል ወንድ ልጅ አላቸው እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የላትም፤ ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። ተመስገን የአፏ ልማድ ነው። ዝናብ ጣለ፣ ተመስገን። አባራ፣ ተመስገን። መብራት ጠፋ፣ «ተመስገን፣ ዓይናችንን ሊያሳርፍልን ነው»። ከደረጃ ወድቃ እጇ የተሰበረ ጊዜ እንኳ ጄሶ የሚያስርላትን ሐኪም «ተመስገን፣ ግራዬ ተርፎልኛል» ብላ አስቃዋለች። ልብስ ሰፊ መሆኗን፣ መቀስ የምትይዘውም በዚያው በተሰበረው ቀኟ መሆኑን እሱ በምን ይወቅ።

ሰው ይወዳታል። ከእሷ ጋር ሻይ ጠጥቶ የተነሣ ሁሉ ሸክሙ የቀለለለት ይመስለዋል። ከአንድ ሰው በቀር። ያቺ አንዲት ልጇ እናቷ «ተመስገን» ባለች ቁጥር ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፤ ይኼም ካለፈው ክረምት ወዲህ የመጣ ነው።

ያለፈው ክረምት ነገር እንዲህ ነበር። ልጅቷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የስንቱን ልጅ በእጇ ተቀብላለች። አግብታ የራሷ ተራ ሲደርስ ግን ምጡ ጠናባት፤ ተጣድፈው ቀዶ ሕክምና አስገቧት፤ ሕፃኗ ሳትተነፍስ ወጣች። እትዬ ተመስገን በር ላይ ቆማ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። «ካላየቻት ቶሎ ትረሳለች፤ ከዓይን የራቀ ከልብም ይርቃል» ተባለ። እትዬ ተመስገን ሕፃኗን አጥባ፣ ጠቅልላ ለወንዶቹ ሰጠቻቸው፤ ልጅቷ ከማደንዘዣው ሳትነቃ ቀበሯት። ልጅቷ ስትነቃ መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ ከአልጋዋ ግርጌ የሚመጣው የእናቷ ድምፅ ነበር። «ተመስገን» ይላል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እትዬ ተመስገን ቃሉ ከአፏ መውጣቱን ያወቀችው ልጇ ዓይኗን ገልጣ ስታያት ነው። ልጅቷ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። «ምስጋናሽን ይዘሽ ሂጂልኝ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከዚያ ወዲህ ተጣልተዋል ማለት አይቻልም። ጠብ ቢሆንማ ሽማግሌ ይላካል፤ ይታረቃሉ። ልጅቷ ስልክ ታነሣለች፤ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ትበላለች፤ ሳህን ታጥባለች፤ ትሄዳለች። ድሮ አንድ አልጋ ላይ ተጋድመው እስኪነጋ ሲያወሩ የሚያድሩ እናትና ልጅ አሁን ለጉዳይ የሚገናኙ ሰዎች ሆኑ። እትዬ ተመስገን ይህን ለማን ትናገር? ለሰው ብትነግር «አንቺማ ሁሉን በምስጋና ታልፊዋለሽ» ብሎ ይሸኛታል። ልጅዋን በቁሟ ማጣቷን የሚያምናት የለም።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ባሕር ማዶ ለወንጌልና ለሕክምና ቡድን ሊልክ ነው፣ ልጇም በአዋላጅነት ትሄዳለች ሲባል ስሟን ለማስመዝገብ የቀደማት አልነበረም። ፓስተሩ አንገቱን አከከ።

«እትዬ፣ እዚያ እኮ የሚፈለገው የጤና ባለሙያ ነው» አላት።

«የሚወለደው ልጅ ራቁቱን ነው እንዴ የሚቀመጠው?» አለችው።

ሳቀ፤ ተሸነፈም። የእጅ ስፌት መኪናዋን ይዛ ትሂድ ተባለ። ለጠየቃት ሁሉ የጌታ ሥራ ነው እያለች ተናገረች። አልዋሸችም፤ ነገር ግን ከጌታ ሥራ ሥር የራሷ ሥራ ነበረባት። የልጇን አፍ ማስከፈት ነው የፈለገችው። አገር ቤት እንቢ ያለው ነገር እዚያ እሺ ይል ይሆናል። አንድ ግቢ እያደሩ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ስልክ መዝጋት የለማ።

የተመደቡበት ጤና ጣቢያ ከከተማው ዳር ያለ፣ በአንድ ረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ ክፍሎች የተደረደሩበት ቤት ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ተቀብቷል፤ ነጩ ላይ የትከሻ እድፍ፣ አረንጓዴው ላይ የጫማ ጭረት አለ። ለእትዬ ተመስገን ከማዋለጃው ክፍል ጎን ያለችውን የዕቃ ክፍል ሰጧት። ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ ለእርዳታ የመጡትን አሮጌ አንሶላዎች እየቀደደች፣ ጠርዛቸውን እያጠፈች የሕፃን መጠቅለያ ትሰፋ ጀመር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የምጡም፣ የማበረታቻውም፣ የሕፃኑም ድምፅ ሁሉ ይሰማታል። የሕፃን ለቅሶ በተሰማ ቁጥር «ተመስገን» ትላለች፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አድርጋ። ስሱ ግድግዳ ወደዚያም ያሳልፋላ።

ፓስተሩ ገና ሲደርሱ አንድ ሕግ አወጣ። ማታ ማታ ከእራት በፊት ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጥና እያንዳንዱ የዕለቱን ምስጋና ይናገራል። የትናንቱን መድገም ክልክል ነው። ሰው እንግዳ አገር ሲሄድ ማጉረምረም ይቀናዋል፤ ውሃው፣ ሙቀቱ፣ ትንኙ። ምስጋና እንደማንኛውም ነገር ልምምድ ይፈልጋል ነበር ሐሳቡ፤ ክፉ ሐሳብም አይደለም።

ሹፌሩ የመጀመሪያው ቀን ስለ መኪናው ፍሬን አመሰገነ። በማግስቱ ስለ መሪው፣ ከዚያ ስለ ጎማዎቹ። እንዲህ እያለ መኪናውን በምስጋና ይፈታታው ጀመር። ፓስተሩ «ሞተሩ ላይ ስትደርስ ንገረን፣ ያኔ ሻንጣ እናስራለን» አለው። የእትዬ ተመስገን ተራ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ከወንበሩ ደገፍ ይላል። የእሷ ምስጋና ረጅም ነዋ። «ስለ አየሩ፣ ስለ ሰዉ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለሰጠን ሁሉ፣ ስለነሳንም ሁሉ፣ ስላየነውም ስላላየነውም…» እያለች ስትወርድ ሩዙ ይቀዘቅዛል። አሜን ይባላል። ልጇ የምትቀመጠው ከፊት ለፊቷ ነው። «ስለ ጓንቱ» ትላለች፤ አበቃ። በሌላ ቀን «ስለ ውሃው»። እናቷ «ስለነሳንም ሁሉ» ስትል ማንኪያዋን አንሥታ መልሳ ስታስቀምጠው ያስተዋለ ሰው አልነበረም። እናቷ ግን አይታለች። አይታም አላቆመችም፤ ምላሷ የለመደውን ትቶ ምን እንደሚል አታውቅም ነበር።

መሞከሩንስ ሞክራለች። አንድ ጠዋት ሻይ ይዛላት ሄደች።

«ልጄ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?»

«ወስዶኛል።»

«ከሳሽብኝ።»

«ሙቀቱ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ እኮ…» አለችና እትዬ ተመስገን ቆመች። «ሁሉም ለበጎ ነው፣ ሳይደግስ አይጣላም» ብላ ጨረሰችው። ልጅቷ ሻዩን ቆማ ጠጣች፤ ብርጭቆውን አጠበች፤ «አመሰግናለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ገባች። እናቷ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ እዚያው ቀረች። በገዛ አፏ በሩን የዘጋችው ራሷ መሆኗን አላወቀችም፤ የተሰማት ግን መዘጋቱ ነው።

በዚያ ሰሞን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከሩቅ መጥታ፣ ቀኗ እስኪደርስ በግቢው ማረፊያ ትጠብቅ ነበር። ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው፤ እየመጣ ነው ተብሏል። ሥራ ስትፈታ ሴትዮዋ ወደ እትዬ ተመስገን የዕቃ ክፍል እየገባች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አያውቁም። አስተርጓሚዋ፣ በእነ እትዬ ተመስገን አገር ተምራ የተመለሰች ወጣት፣ ቢበዛ ስለ ሕመምና ስለ መድኃኒት ነው የምትጠራው። ሁለቱ ሴቶች በእጅ፣ በቅንድብና በሳቅ ያወራሉ። ሴትዮዋ ከጨርቁ ክምር ውስጥ አንድ ቢጫ ብጫቂ መዝዛ በጣቷ ወደ ሆዷ አመለከተች። ይህ የእኔ ነው ማለቷ ነው። እትዬ ተመስገን ለብቻው አስቀመጠችው፤ ለሌሎቹ ያላደረገችውን ጠርዙን በነጭ ክር ዘመዘመችለት። ከዚያ ወዲያ በልቧ ባለ ቢጫዋ ብላ ጠራቻት።

ባለ ቢጫዋን ምጥ የያዛት አንድ ቀን ጠዋት ነው። ረፋዱ ላይ ድምፅዋ ከግድግዳው ማዶ እየከረረ መጣ። የልጇም ድምፅ ይሰማል፤ የዚያን አገር «በርቺ» ተምራ እሱኑ ትደጋግማለች። እትዬ ተመስገን የመኪናውን እጀታ ማዞር አቁማ ጆሮዋን ሰጠች። ጩኸቱ ተቋረጠ። የሕፃኑን ለቅሶ ጠበቀች። አልመጣም። አሁንም ጠበቀች። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

«እማዬ! ነይ!»

ልጇ እንደዚህ ከጠራቻት ስንት ጊዜዋ ነው። በሩን እንዴት እንደከፈተችው አታውቅም። ባለ ቢጫዋ ትደማለች፤ ልጅቷ ሁለት እጆቿን በሴትዮዋ ሆድ ላይ አድርጋ ደሙን ለማስቆም ከላይ አጥብቃ እያሸች ነው። አስተርጓሚዋ የሴትዮዋን ራስ ደግፋ ታለቅሳለች። ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ፣ ትንፋሽ የሌለው ወንድ ልጅ ተጋድሟል። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር የወጣው።

«እኔ እጄን ማንሣት አልችልም» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «እሱን እጠቢልኝ።»

ቃሉ መጣ። እንደ ሁልጊዜው ሳይጠሩት፣ ከሆዷ ተነሥቶ ጥርሷ ላይ ደረሰ። ልጅቷም እንደሚመጣ ታውቅ ኖሮ ያኔ ቀና አለች። በቁጣ አላየቻትም። በፍርሃት ነው ያየቻት፤ ሊመታት እጁን ያነሣን ሰው እንደምታይ ዓይነት። እትዬ ተመስገን ከንፈሯን ነክሳ ቃሉን ዋጠችው። ያን ያህል የሚያም ነገር መሆኑን፣ በልጇ ላይ ያን ያህል የከበደ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አልገባትም ነበር።

ለብ ባለ ውሃ ሕፃኑን አጠበችው። እጆቿ ሥራውን ያውቁታል። ከብብቱ፣ ከአንገቱ እጥፋት፣ ከጣቶቹ መሐል እያሉ ሄዱ። ቢጫውን ጨርቅ አምጥታ ጠቀለለችው፤ ጫፉንም ፊቱ ላይ መለሰችው። ባለ ቢጫዋ ከአልጋው ላይ አንድ ቃል እየደጋገመች ትጠራለች። እትዬ ተመስገን ወደ እሷ አላየችም። ሕፃኑን አቅፋ ወደ ጓሮው በር ሄደች። ከበሩ ውጭ ዘበኛው አካፋውን ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይጠብቃል። የእናትየዋ ዓይን ሳያርፍበት መሸኘት በዚያም አገር የታወቀ ነው፤ ማንም ማንንም አላዘዘም።

«ወዴት ነው?» አለች ልጇ።

«ልሸኘው ነዋ።»

«ሳታየው?»

«ካየችው አይወጣላትም፣ ልጄ። እንድትረሳው ነው።»

«እኔ አላየሁም» አለች ልጅቷ። እጆቿ ከሴትዮዋ ሆድ ላይ አልተነሡም። «ረሳሁ?»

እትዬ ተመስገን አንድ እጇ የበሩን እጀታ ይዞ፣ በሌላው ሕፃኑን አቅፋ ቆመች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እያለ የሚስቅ ሰው ብዙ ነው፤ እሷም ልጅቷ በተመረቀች ሰሞን ይህንኑ እያለች ስታሾፍባት ነበር። አሁን ግን የሚያስቅ አልሆነም። ያን ጊዜ ልጇን ከሐዘን አተረፍኩ ብላ ነበር። ሰርቃት ኖሯል። ይህ እንደገባት በሩን ለቀቀች።

ከዚያ ዞረች። ወደ አልጋው ሄዳ የቢጫውን ጨርቅ ጫፍ ከሕፃኑ ፊት ላይ ገለጠችና በእናቱ ደረት ላይ አስቀመጠችው።

ባለ ቢጫዋ ወዲያው አላለቀሰችም። መጀመሪያ ፊቱን አየችው። ቀጥላ ጨርቁን ፈታችና እግሮቹን አወጣች፤ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ነካካቻቸው። አንገቱን አሸተተችው። አንድ ነገር ተናገረች፤ ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። አስተርጓሚዋ አፍንጫዋን ጠርጋ «አገጩ የአባቱ ነው አለች» ብላ ተረጐመች። ከዚያ ነው ለቅሶው የመጣው፤ ሲመጣም ብዙ ሆኖ መጣ። ደሟ በዚያው ቆመ። ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ባለ ቢጫዋ ለቅሶዋ ጋብ ሲል እትዬ ተመስገንን በእጇ ጠራቻት፤ እጇን ይዛም ጥቂት ቃላት ተናገረች።

«አመሰግናለሁ አለች» አለች አስተርጓሚዋ። «ስላሳየሽኝ።»

ሰው ሲያመሰግናት «ለእኔ ሳይሆን ለጌታ» ማለት የለመደች ሴት የሰማችውን ቃል በልቧ ደገመችው። ስላሳየሽኝ። ስለ ሁሉ አላለችም፤ ስላየነውም ስላላየነውም አላለችም። ይህን ሁሉ አጥታ ሳለ አንዷን ነገር ለይታ፣ በስሟ ጠርታ አመሰገነች። እትዬ ተመስገን ያኔ ስለ ራሷ የገባት ነገር አላማራትም። የእሷ ምስጋና የጅምላ ነበር። በጆንያ አስሮ መሸኘት ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ፈትቶ ማየት የለበትም። ደስታውም ሐዘኑም በአንድ ጆንያ ይገባል፤ አፉ ይታሰራል፤ ተመስገን። በዚህ መንገድ የጠፋባትን ሁሉ ማልቀስ አላስፈለጋትም፤ የተሰጣትንም ሁሉ ማየት አልቻለችም።

በዚያ ቀን ከእራት በፊት እንደተለመደው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሹፌሩ እንኳ መኪናውን ትቶ «ሴትዮዋ ስለተረፈች» አለ። የእትዬ ተመስገን ተራ ደረሰ። ሁሉም ጠበቀ።

«ዛሬ የለኝም» አለች።

ሹፌሩ ደንግጦ ፓስተሩን አየ። ፓስተሩ ጥቅስ ሊጠቅስ አፉን ከፈተ፤ የእትዬ ተመስገንን ፊት ሲያይ ግን መልሶ ዘጋው። ልባም ሰው ነው። ትንሽ ቆይቶ «እትዬ፣ ዝም ማለትም ጸሎት ነው» አላት፤ ለሌሎቹም «እንብላ» አለ። ልጅቷ እናቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ አዲስ የተዋወቀቻት ሰው ይመስል።

በማግስቱ ጠዋት የማዋለጃው ክፍል አንሶላዎች ታጥበው በጓሮ በኩል ባለው ትልቅ ሳፋ ውስጥ ክምር ብለው ነበር። ባለ ቢጫዋ ባሏ ደርሶላት፣ ልጃቸውን አብረው ሊቀብሩ ሄደዋል። እትዬ ተመስገን እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላ ለመጭመቅ ብትሞክር ብቻዋን አልሆንላት አለ። አንሶላ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይዞ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እየጠመዘዘ። ልጇ ከኮሪደሩ ወጣች፤ ምንም ሳትል የአንሶላውን ሌላ ጫፍ አነሣች። መጠምዘዝ ጀመሩ። ውሃው መሬት ላይ እየተንጠባጠበ ጫማቸውን አራሰው።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«አንቺ ነሽ ያጠብሻት?»

እትዬ ተመስገን እጇ ቆመ። «እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ማንም እንዲነካት አልፈለግሁም።»

ልጅቷ አንሶላውን አንድ ዙር ጠመዘዘችው። «ታዲያ ለምን ነው እንደዚያ ያልሽው?»

መልስ ተዘጋጅቶ ነበር። ስለተረፍሽልኝ ነው ማለት ትችላለች። ግማሹ እውነት ነው፤ የሰማም ሁሉ ደግ ነው ይለዋል። እትዬ ተመስገን ግን ጆንያ ማሰር ሰልችቷት ነበር።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለች። «ዝም ብል የምጮህ መሰለኝ። ከጮህኩ ደግሞ እግዜርን የምረግመው መሰለኝ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። አንቺን እንደሚያቃጥልሽ አላሰብኩም፤ ስላንቺ አላሰብኩም። የፈራሁት ለራሴ ነው።»

ልጅቷ አንሶላውን መጠምዘዟን ቀጠለች። ከአንሶላው የሚወርደው ውሃ እየቀጠነ ሄደ። እትዬ ተመስገን አለቀልኝ ብላ ነበር፤ ጫፉን ጥላ ትሄዳለች ብላ ጠበቀች።

«ማንን ነበር የምትመስለው?» አለች ልጅቷ።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ለራሷም እንኳ አላነሣችውም። የረሳችው መስሏት ነበር፤ ለካ አንድም ሳይጎድል አለ።

«ፀጉሯ ጥቁር ነው፤ ብዙ» አለች። «እርጥብ ሆኖ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በጣቴ ወደ ኋላ መለስኩላት። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ጋ እጥፍ ይላል፣ እንደ ባልሽ። ቅንድቧን ኰስተር አድርጋዋለች፤ ሳይፈልግ የቀሰቀሱት ሰው ትመስላለች። አንቺም ስትወለጂ እንደዚያው ነበርሽ፤ አባትሽ ይቺስ ገና ሳትገባ ተጣላችን ብሎ ስቋል።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች፤ አንሶላውን ግን አልለቀቀችም።

«ጣቶቿስ?»

«ረጃጅም። ጥፍር ነበራት። አንዱን ጣቴን መዳፏ ውስጥ አስገባሁት፤ እንዲሁ ነው፣ የያዘችኝ እንዲመስለኝ። እሹሩሩም አልኳት። ሰው እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ።» የአንሶላውን ጫፍ እጇ ላይ ጠቀለለችው። «ለብ ያለች ነበረች።»

«ምን አልሽ?»

«ለብ ያለች ነበረች፣ ልጄ። ሰውነቷ። ካንቺ እንደወጣች እኮ ነው የሰጡኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «እኔ ሁልጊዜ በርዷት ነበር የማስባት» አለች። «ሌሊት እየነቃሁ… በርዷት ነበር የማስባት።»

«አልበረዳትም። ሰማያዊው ሻርፔ ውስጥ ነው ያደረግኋት፤ ያንን ወፍራሙን። እስክሰጣቸው ድረስ አንገቴ ሥር አድርጌያት ነበር። ከዚህ ዓለም ሰው ያየኋት እኔ ነኝ፤ ያንን ያህል ሰዓት እግዜር ሰጥቶኝ ሳለ ስለሱ አንድ ቀን አመስግኜው አላውቅም። ያንቺን ድርሻ ይዤብሽ ነው የከረምኩት።»

አንሶላው ከተጨመቀ ቆይቷል፤ ጠብ የሚል ውሃ የለውም። ሁለቱም በየጫፋቸው እንደያዙት ቆመዋል። ከኮሪደሩ ውስጥ ፓስተሩ ለጠዋት ጸሎት ሰው ሲጠራ ይሰማል፤ ማናቸውም ወደዚያ አልዞሩም።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፤ «ከፀጉሯ ጀምረሽ ድገሚልኝ።»

እትዬ ተመስገን ከፀጉሯ ጀመረች።